የሣር ጣሪያና የጨርቅ ግድግዳ

የዚህ ጽሑፍ መነሻ አንድ ቃለ ጉባኤ ነው። ከመሸንቲ ብዙም ሳይርቅ፣ በእግር የሚደረስበት አንድ የገጠር ደብር አለ፤ ስሙን አልጠራውም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ምእመናኑ አሮጌውን ክብ ቤተ ክርስቲያን አፍርሰው በብሎኬትና በሲሚንቶ አዲስ ለማሠራት ሲወስኑ የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነበርሁ። «ባንክ ቤት የሚውል ልጅ ቁጥር ያውቃል፤ የእጅ ጽሕፈቱም ያምራል» ተብዬ ነው የተመረጥሁት። ቃለ ጉባኤው ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ሦስተኛው ተራ ቁጥር ላይ «በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያለው አሮጌ ሥዕል ተነሥቶ በዕቃ ቤት እንዲቀመጥ» ይላል። ከሥሩ ፊርማዬ አለ። ያን ዕለት ያስጨነቀኝ የቆርቆሮ ዋጋ ነበር እንጂ ሥዕሉ አልነበረም።

ክብ ቤተ ክርስቲያን ምን እንደ ሆነ መማር የጀመርሁት እንግዲህ ከፈረሰ በኋላ ነው። ውድ አንባቢ ሆይ፣ ምናልባት አንተም እንደ እኔ ከልጅነትህ ጀምሮ እየተሳለምህ፣ በልብህ ግን ሳታየው ኖረህ ይሆናል። ስለዚህ ከደጁ ልጀምር።

የአገራችን ቤተ ክርስቲያን ከሩቅ የሚታወቀው በሕንፃው ሳይሆን በዛፉ ነው። እርሻና ግጦሽ አገሩን ገላጣ ባደረጉበት ቦታ ሁሉ ጽድና ወይራ፣ ዋንዛና ሾላ ተጠጋግተው ከቆሙ በመካከላቸው ታቦት አለ ማለት ነው። በደጀ ሰላሙ ገብተህ ግቢውን ስታቋርጥ በስተ ምሥራቅ ቤተልሔሙን ታያለህ፤ ኅብስቱ የሚጋገርባት፣ ወይኑ የሚጠመቅባት ትንሽ ጎጆ ናት። ከዚያ ዋናው ሕንፃ ይመጣል፤ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀመጡ ሦስት ክፍሎች። የመጀመሪያው ቅኔ ማኅሌት ነው፤ ደብተራው ከበሮና ጸናጽል ይዞ የሚያሸበሽብበት። ሁለተኛው ቅድስት ነው፤ ሥጋ ወደሙ የሚሰጥበት። ሦስተኛው ከካህናት በቀር ማንም የማይገባበት መቅደስ ነው፤ መንበረ ታቦቱ በዚያ ይቆማል። ወንዶች በሰሜን በር፣ ሴቶች በደቡብ በር፣ ካህናት በምዕራብ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በል። ከውጭ ስታየው ሕንፃው ክብ ነው። መቅደሱ ግን ክብ አይደለም፤ አራት ማዕዘን ነው። እኔ ይህን ያየሁት ግድግዳው ፈርሶ መሠረቱ ብቻ በቀረ ጊዜ ነው፤ በቀለበት ውስጥ የተቀመጠ ሳጥን ይመስል ነበር። የመቅደሱ ግድግዳ ወደ ላይ ቀጥሎ የጣሪያውን እምብርት ይሸከማል፤ ወጋግራዎቹ ከዚያ ተነሥተው እንደ ጃንጥላ ዘንግ ወደ ውጨኛው ግድግዳ ይወርዳሉ። ረጅም ወራጅ እንጨት አያስፈልገውም። የአካባቢው ገበሬ ቤቱን ሲሠራ የለመደው እጅ ይበቃዋል። ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ፣ ማገሩ የአጥቢያው እንጨት፣ ክዳኑ ሰምበሌጥ። ከሁሉ በላይ ጉልላቱ አለ፤ በመስቀሉ ጫፎች ላይ የሰጎን እንቁላል ይሰካል። ሰጎን እንቁላሏን ትኩር ብላ እያየች ትፈለፍላለች፣ ዓይኗን ካነሣች ይበላሻል ይባላል፤ እግዚአብሔርም ዓለምን እንዲሁ ያያል ሲሉ አባቶች ያመሰጥሩታል።

ይህ ቅርጽ ግን ከጥንት ከመሠረት የነበረ አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የአክሱም ዘመን ወግ አራት ማዕዘን ነው፤ ደብረ ዳሞ እንዲያ ነው፤ በዋሻ ውስጥ ያለው ይምርሐነ ክርስቶስም እንዲያ ነው። ከላሊበላ ውቅሮችም አብዛኞቹ ማዕዘን አላቸው። ክቡ በብዛት የተስፋፋው ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው፤ ማለትም ከ1529 እስከ 1543 የዘለቀው የግራኝ አሕመድ ጦርነት እጅግ ብዙ አብያተ ክርስቲያናትን ካቃጠለ በኋላ። አገሩ ደህይቷል፤ ታላላቆቹ አናጢዎችና ጠራቢዎች አልቀዋል ወይም ተበትነዋል። ስለዚህ ሕዝቡ እንደ ገዛ ቤቱ አድርጎ ሠራ። እኔን የሚገርመኝ ግን አሮጌውን አለመጣሉ ነው። አራት ማዕዘኑን መቅደስ በመካከል አስቀምጦ ጎጆ ሠራለት። የአክሱምን ወግ የአማራ ገበሬ ቤት ውስጥ አስገብቶ በሩን ዘጋበት ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

በጣና ዙሪያ የእነዚህ ቤቶች ምርጥ ምርጦች አሉ። በሰሜኑ ዳርቻ በጎርጎራ ያለችው ደብረ ሲና ማርያም ከጥንታውያኑ አንዷ ናት፤ በግድግዳዋ ያሉት ሥዕሎች በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከዐፄ ሱስንዮስ ቤተ ዘመድ ከመለኮታዊት ስም ጋር ይነሣሉ። ከእርሷ ብዙም ሳይርቅ ኢየሱሳውያን በ1620ዎቹ በኖራና በጥርብ ድንጋይ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ማርያም ግምብ ይሉታል። ዛሬ ፍርስራሽ ነው። ጭቃና ሣሩ ቆሟል፤ ኖራና ድንጋዩ ወድቋል። ይህን ሳነብ ለጊዜው ደስ ብሎኝ ነበር፤ አሁን ግን ነገሩ የድንጋይና የጭቃ ጉዳይ እንዳልሆነ ይገባኛል። ሣር በየዘመኑ ካልተለወጠ ይበሰብሳል። የሚለውጠው ሰው ስላለ ቆመ፤ ግምቡን ግን ኢየሱሳውያኑ በ1630ዎቹ ከአገር ሲባረሩ የሚጠብቀው አልተገኘም።

በደቅ ደሴት አጠገብ ያለችውን ናርጋ ሥላሴን ደግሞ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አሠራቻት። እዚያ ግድግዳ ላይ እቴጌይቱ ራሷ አለች፤ በእመቤታችን እግር ሥር በግንባሯ ተደፍታ። ልጇ ዳግማዊ ኢያሱ ከ1730 እስከ 1755 ሲነግሥ መንግሥቱን በእጇ ያንቀሳቀሰች ሴት፣ ለሥዕሏ የመረጠችው ቦታ መሬት ነው። ክብራን ገብርኤልንና ዳጋ እስጢፋኖስን እዚህ አልገባባቸውም፤ ሴት የማይገባባቸው ገዳማት ናቸው፤ የመጻሕፍታቸው ነገር ብቻውን ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። በዚህ አካባቢ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺዝማን ደሴቶቹን አንድ በአንድ ዞሮ በ1936 መጽሐፍ አሳትሟል። እኛ አጠገባቸው ተወልደን ያላየናቸውን አብያተ ክርስቲያናት እርሱ በታንኳ ዞሮ አያቸው።

እኔ በዕረፍት ቀኔ የሄድሁት ዘጌ ነው። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከወደቡ ወርደህ በቡና ጫካ መካከል ትወጣለህ፤ በዘጌ በሬ አይጠመድም፣ መሬት አይታረስም፤ ከአቡነ በትረ ማርያም የቆየ ቃል ኪዳን ነው ይላሉ። ጻድቁ በትራቸውን ሦስት ቦታ ሰብረው ቢተክሉት አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆነ የሚለውን ትውፊት አስጎብኚው ሁሉ ይነግርሃል። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ስትደርስ መጀመሪያ የሚያስደነግጥህ በሩ ነው፤ ከወፍራም እንጨት ተጠርቦ የወጣ፣ ሰው ብቻውን የሚገፋው የማይመስል መዝጊያ። ከበሩ ባሻገር ከላይ እስከ ታች ቀለም ነው።

ለመሆኑ ያ ሥዕል ግድግዳ ላይ የተሣለ ነው? እኔ ሁልጊዜ እንዲያ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። የአገር ሸማኔ የሠራው ጥጥ ጨርቅ እየተቀጣጠለ ይሰፋል፤ ሠዓሊው በእርሱ ላይ ይሥላል፤ ጨርቁ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ የመቅደሱ ግድግዳ እውነተኛ ልብስ ለብሷል። ጭቃው ሲሰነጠቅ ሥዕሉ ወዲያው አይሰነጠቅም፤ በሌላ በኩል ግን ጣሪያው ካፈሰሰ ጨርቁ ውሃ ይጠጣል፣ ይነፋል፣ ከግድግዳው ይላቀቃል፤ ምስጥም ይወደዋል። የዑራ ሥዕሎች ከአለቃ እንግዳ ስም ጋር ይነገራሉ፤ የዘጌ ሰው ነበር። በመቅደሱ መዝጊያዎች ላይ ሚካኤልና ገብርኤል ሰይፍ መዝዘው ይጠብቃሉ። ፈረሰኞቹ ቅዱሳን አሉ፤ የክርስቶስ ሕማማት አለ፤ የእመቤታችን ተአምራት አሉ። ጻድቁ ሁለት ዓይን፣ ክፉው በጎን ዞሮ አንድ ዓይን ብቻ እንዲኖረው የሚያደርገውን የሠዓሊዎቹን ሕግ ልጆች እንኳ ያውቁታል። ማንበብ የማይችል ሕዝብ ማንን መፍራት፣ ማንን መውደድ እንዳለበት በዓይን ቁጥር ይለይ ነበር።

ብዙ የቆምሁት በበላዔ ሰብእ ፊት ነው። ታሪኩን ታውቀዋለህ። የቅምሩ ስምዖን ሰባ ስምንት ነፍስ በልቷል። በመንገድ ላይ አንድ ቁስለኛ ውሃ ለመነው፤ በእግዚአብሔር ስም ቢለምነው እምቢ አለ፤ በእመቤታችን ስም ቢለው ጥርኝ ውሃ ሰጠው። በፍርድ ቀን ሰባ ስምንቱ ነፍስ በአንድ ወገን፣ ጥርኙ ውሃ በሌላ ወገን ሚዛን ላይ ወጣ። እመቤታችንም ጥላዋን በውሃው ላይ አሳረፈች፤ ሚዛኑ ደፋ። በልጅነቴ አያቴ ይህን ሥዕል ባለፍን ቁጥር ጣቷን ሳትቀስር በአገጯ ታሳየኝ ነበር። በደብራችንም ነበረ። ሦስተኛው ተራ ቁጥር ውስጥ የገባው «አሮጌ ሥዕል» አንዱ እርሱ ነው።

ከዘጌ ስመለስ ስለ ሌሎች አገሮች የአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ያገኘሁትን አነብ ጀመር፤ ከሁሉም በላይ የያዘኝ የመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ ነገር ነው። እነርሱ ዘንድ ሕንፃው ረጅም አራት ማዕዘን ነው፤ ምእመኑ በምዕራቡ ክፍል፣ ካህኑ በምሥራቁ። በመካከላቸው የተቀረጸ የእንጨት መለያ ይቆማል፤ በላዩ ስቅለቱ ይታያል። የእኛ መጋረጃና መዝጊያ የሚያደርገውን እርሱ ያደርግ ነበር። ወንበር እንኳ ዘግይቶ የመጣ ነገር ነው፤ ቀድሞ ሕዝቡ ቆሞ ያስቀድስ ነበር፤ ለደካሞችና ለሽማግሌዎች በግድግዳው ሥር የድንጋይ መደብ ነበራቸው። መቋሚያ ግን አልነበራቸውም፤ በዚህ እንበልጣቸዋለን። የምእመኑን ክፍል ጣሪያ የሚያድሰው ምእመኑ ነው፤ የመሠዊያውን ክፍል የሚያድሰው የደብሩ ባለመብት ካህን። ከመለያው በላይ፣ ሕዝቡ ሁሉ በሚያየው ቦታ፣ የፍርድ ቀን ይሣላል፤ ሚካኤል ሚዛን ይዞ ነፍስ ይመዝናል፣ ዲያብሎስ በአንድ ወገን ይጎትታል። በአንዳንዶቹ ግድግዳዎች ላይ ደግሞ እመቤታችን እጇን ወይም መቁጠሪያዋን ሚዛኑ ላይ አሳርፋ ወደ ነፍሲቱ ታደፋዋለች።

ይህን ሳነብ መጽሐፉን አጠፍሁት። በባሕር ማዶ ያለ፣ የእኛን ደብተራ አይቶ የማያውቅ ገበሬ፣ አያቴ በአገጯ ያሳየችኝን ሚዛን ያይ ነበር።

ከዚያ ምን ሆነ? ንጉሣቸው ሄንሪ ስምንተኛ ከሮም ተለየ፤ ልጁ ኤድዋርድ በ1547 ሲነግሥ ሥዕል ሁሉ ከአብያተ ክርስቲያናት እንዲወገድ ታዘዘ። መለያዎቹ ተሰበሩ፤ ግድግዳዎቹ ኖራ ተቀቡ። ግራኝ በወይና ደጋ ከወደቀ አራት ዓመት ነው። እኛ የተቃጠለውን ለመሥራት ሣር ስናጭድ እነርሱ ያልተቃጠለውን ነጭ ይቀቡ ነበር። የእኛን ያጠፋ ከውጭ የመጣ ጦር ነው፤ የእነርሱን ግን የአጥቢያው ሰው ራሱ፣ ታዞ፣ ለኖራና ለባልዲ ከደብሩ ገንዘብ ወጪ አድርጎ፣ ወጪውንም በመዝገብ አስፍሮ። የእንደዚህ ያለ መዝገብ ጸሐፊ ምን ዓይነት ሰው እንደ ነበር ለመገመት ብዙ መድከም አላስፈለገኝም።

በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በሳፎክ፣ ዌንሃስተን የሚባል መንደር አለ። በዚያ ያለው የፍርድ ቀን ሥዕል በሳንቃ ላይ የተሣለ ነበር፤ እርሱም ኖራ ተቀባ። ትውልድ አለፈ፤ ከነጩ ሥር ምን እንዳለ የሚያውቅ ጠፋ። በ1892 ቤተ ክርስቲያኑ ሲታደስ አናጢዎቹ ነጩን ሳንቃ አውልቀው ለማገዶ በሚሆን ዓይነት ወደ ግቢው ጣሉት። ሌሊት ዝናብ ዘነበ። ኖራው ታጠበ። ጠዋት ሰዎች ሲመጡ ሚካኤል ሚዛኑን ይዞ በሣሩ ላይ ተጋድሞ ነበር። ዛሬ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተሰቅሏል።

ወደ ደብራችን ልመለስ። አዲሱ ሕንፃ ሰፊ ነው፤ ብርሃን አለው፤ ወለሉ ይታጠባል። ይህን አልክድም። አሮጌው ጣሪያ ያፈስ እንደ ነበር፣ ሰምበሌጥ የሚያጭድ ጎረምሳ እንደ ጠፋ፣ ግጦሹም ታርሶ ሣሩ ራሱ እንደ ጠፋ አውቃለሁ። እናቶች መቀነታቸውን ፈትተው የሰጡትን ብር በእጄ ቆጥሬ ገቢ ያደረግሁ ሰው ነኝና ማንንም ለመውቀስ አፍ የለኝም። ከበሮው ያው ከበሮ ነው፤ ሰፊው አፉ የመለኮት፣ ጠባቡ የትስብእት፣ ጠፍሩ የግርፋቱ ሰንበር ምሳሌ። ጽናውና ጻሕሉ፣ ጽዋውና አትሮንሱ ሁሉ በየቦታቸው ገብተዋል። ከአሮጌው ግቢ ያልተነካ አንድ ነገር ደወሉ ነው፤ በጣና ዙሪያ በየገዳማቱ እንደሚታየው፣ ሰሌዳ የመሰሉ ረጃጅም ድንጋዮች ከግንድ ላይ ተንጠልጥለው በሌላ ድንጋይ ሲመቱ እንደ ብረት የሚጮኹ። እርሱንም ለመለወጥ አጀንዳ ቀርቦ ነበር፤ ብረት ስለ ተወደደ ብቻ ቀረ።

ስለዚህ ሁሉ ግጥም ልጽፍ ሞክሬ ከሁለት ስንኝ አላለፈልኝም፦

ሣሩን አነሣንና ቆርቆሮ አለበስነው፤
ዝናቡ ሲመጣ ቅዳሴ አልሰማነው።

ባለፈው ክረምት መባቻ ወደ ደብሩ ሄጄ የድጓ መምህሩን አገኘኋቸው። ለኮሚቴው ድምፅ ሲሰጥ ዝም ብለው የተቀመጡ እርሳቸው ብቻ ነበሩ።

«የኔታ፣ ያ ሥዕል የት ደረሰ?» አልኋቸው።

«የቱ? አንተ የጻፍኸው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ቁልፉን ከወገባቸው አወጡ።

ዕቃ ቤቱ ጨለማ ነው። ጨርቁ በአሮጌ ሰሌን ተጠቅልሎ፣ ሦስት ጥቅል ሆኖ፣ ከስንዴ ከረጢት ጀርባ ቆሟል። ሁለት ተማሪዎች ጠርተን ወደ ግቢው አወጣነውና በቄጤማ ላይ ዘረጋነው። የመጀመሪያው ጥቅል የፈረሰኞቹ ነው፤ ሲላጥ በቢላዋ ስለ ተያዘ የጊዮርጊስ ፈረስ ሁለት እግር የለውም። ሁለተኛውን ምስጥ ከታች ጀምሮ በልቶታል፤ ያሣለው ሰው ስም የሚጻፈው በግርጌ ነውና ስሙ የለም። ሦስተኛው እንደ ደረቅ ቆዳ ጠንክሯል፤ ቀስ እያልን ስንዘረጋው ቀለሙ እንደ ቅርፊት እየረገፈ በእጃችን ላይ ቀረ። ቁስለኛው ታየ፤ እጁን ዘርግቷል። ጥርኙ ታየ። ሚዛኑ ታየ። ከተማሪዎቹ አንዱ፣ ዕድሜው አሥር ቢሆን ነው፣ «የኔታ፣ ይሄ ማነው?» ሲል ጠየቀ። ለካ አዲሱ ግድግዳ ላይ በላዔ ሰብእ የለም። እርሳቸው ተቀምጠው ከመጀመሪያው ጀምረው ይነግሩት ገቡ።

እኔ ከኪሴ ወረቀት አውጥቼ በክንድ እየለካሁ መጻፍ ጀመርሁ፦ ጥቅል ሦስት፤ አንዱ የተቆረጠ፣ አንዱ የተበላ፣ አንዱ ቀለሙ የሚረግፍ። ገና ቁመቱን ሳልጨርስ በዘጌ ወገን ያለው ሰማይ ጠቆረ፤ ነፋሱ ቄጤማውን አነሣው። የኔታ ታሪኩን ሰባ ስምንተኛው ነፍስ ላይ አቋርጠው ቀና አሉ።

«ልጄ፣ ጽሕፈቱን ተወውና በዚያኛው ጫፍ ያዝ» አሉኝ። «ሳይደርስብን እናስገባው።»